ለሁለት ሰው ይለፍ

ደብዳቤው የደረሰኝ የጥምቀት ሰሞን ነው። ከጅቡቲ የመጣው ባቡር አዳማ ላይ ውኃ ሲቀዳ፣ የማውቀው አንድ የፉርጎ ጠባቂ ወርዶ እስከ ሱቄ በረንዳ ድረስ መጣና ከኮቱ ኪስ የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ።

"ከባለቤትህ ነው። ከእሱ ሌላ ለማንም እንዳትሰጥ ብላ አስምላኛለች" አለኝና ፉጨቱ ሳይቀድመው ሮጠ።

የምሰፋውን ሱሪ ከመርፌው ሥር ሳላወጣ ከፈትሁት። በዐረብኛ ነው የተጻፈው። እሷ መጻፍ ስለማትችል ጎረቤት አስጽፋ መሆን አለበት፣ ግን ቃሉ የራሷ ነበር። "የልጄ አጎት ከየመን፣ ከሞኻ መጥቷል" ይላል። "ጭነቱን ጨርሶ የዒድ ማግስት ልጅቷን ይዞ ሊሻገር ነው። እኔም ባቡር ጣቢያ ሄጄ ነበር፤ ከመንግሥትህ የመግቢያ ወረቀት ካላመጣሽ አትሳፈሪም አሉኝ። ስማኝ፤ ለእኔ ብቻ ወረቀት ብትልክ አልመጣም። ለሁለት ሰው ላክ።"

ዒድ ሊደርስ ሁለት ወር አልሞላም ነበር። የሆነው የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ከመከበሩ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው፤ ከተማችንም ገና ናዝሬት አልተባለችም።

ነገሩ እንዲገባ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። አባቴ ከወሎ መጥቶ አዳማ ላይ ቆዳ ይነግድ ነበር። እኔ ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ጅቡቲ ወርጄ ከአንድ የመናዊ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ ተማርሁ። ባለቤቴን ያገኘኋት እዚያ ነው። ወላጆቿ ከየመን ተሻግረው ጅቡቲ የኖሩ ናቸው። የመጀመሪያ ባሏ መርከበኛ ነበር፤ ልጃቸው ሁለት ዓመት ሲሆናት ባሕር በላው። እኔ ሳገባት ልጅቱ አምስት ዓመቷ ነበር። ቀን ቀን ከስፌት መኪናዬ ሥር ተቀምጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ በየቀለሙ ትለይ ነበር። እኔን "ዐሚ" ነበር የምትለኝ፣ አጎቴ ማለቷ ነው። አባቴ በይኝ ብያት አላውቅም።

ሦስት ዓመት እንዲህ ከኖርን በኋላ አባትህ ታሟል የሚል መልእክት መጣብኝ። በአንድ ወር ተመልሼ እወስዳችኋለሁ ብዬ ብቻዬን ወጣሁ። ስደርስ አባቴ ከተቀበረ ሦስተኛው ቀን ነበር። እናቴ አይኗ ደክሟል፣ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። እሷን ጥዬ መውረድ አልቻልሁም፤ ሚስቴንና ልጇን ማምጣት ነበረብኝ። እነሱ ግን የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። ወሩ ስድስት ወር ሆነ። ደብዳቤው የመጣው በዚህ መሐል ነው።

አጎትየው የሟቹ ባሏ ወንድም ነው፤ ዝም ብሎ ቀማኛ አልነበረም። ያንንም አውቃለሁ። እናት ባዕድ ካገባች ልጁ ለአባት ወገን ይገባል ብለው የሚፈርዱ ቃዲዎች ብዙ ናቸው። እስካሁን የቀረው አጎትየው ባሕር ላይ ስለነበረ ብቻ ነው።

የአዳማው ሹም ጉዳዬን ገና ሳልጨርስ እጁን አወዛወዘ። "የውጭ አገር ሰው ነገር እዚህ አይታይም። አዲስ አበባ ሂድ።"

በማግስቱ በባቡር ሄድሁ። የውጭ አገር ሰዎች መግቢያ የሚጻፍበት መሥሪያ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው፣ ጃንጥላ ዘርግቶ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። የሚስቴን ነገር ነገርሁት፤ በጥሩ እጅ ጻፈው። ልጅቱ ጋ ሲደርስ ብዕሩን አቆመ።

"የእንጀራ ልጅ ናት?"

"አዎ።"

"እንደዚያ ብለን ከጻፍን ዓመት ትመላለሳለህ። አባቷ ማነው፣ ዘመዷ ማነው ይሉሃል። 'ልጄ' ብንል ባንድ መስመር ያልቃል።"

አዎ አላልሁትም፤ ግን ተውም አላልሁትም። ዝምታዬን ፈቃድ አድርጎ ጻፈ። እኔም ከሥሩ ፈረምሁ።

አምስት ቀን በሩ ላይ ቆሜ ዋልሁ። በስድስተኛው ስሜ ተጠራ። ጸሐፊው ጋቢውን በኮቱ ላይ የደረበ፣ ድምፁ ቀጭን፣ ሲናገር ቀና ብሎ የማያይ ሰው ነበር። ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች አነበበና ጠየቀኝ።

"ጅቡቲ የወረድኸው መቼ ነው?"

"አራት ዓመት ሆነኝ ጌታዬ።"

"ከዚያ በፊት ወርደህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ሴቲቱስ ወደዚህ መጥታ ታውቃለች?"

"አልመጣችም።"

"ልጅህ ዕድሜዋ ስንት ነው?"

የተጻፈው ወረቀት ከፊቱ ነው፤ ስምንት ዓመት ይላል። ጸሐፊው መልሴን አልጠበቀም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

"እናቷን ሳታያት ነው የወለድኻት?" አለኝ። ከኋላዬ ከቆሙት ባለጉዳዮች አንዱ ሳቀ። ጸሐፊው ግን አልሳቀም። "በዚህ ባቡር ስንት ልጅ እየተሰረቀ እንደሚጓዝ ታውቃለህ? ያልወለድኸውን ልጅ ልጄ ነው የሚል ሰው ሲመጣብኝ ምን ላስብ?"

"ጌታዬ፣ የሚስቴ ልጅ ናት። አባቷ ሞቷል። ፈርቼ ነው።"

"ፈርተህ ዋሸህ፤ አሁን እውነቱን ብትነግረኝ በምን ልመንህ?" በማመልከቻዬ ላይ በቀይ ቀለም አግድም ሰረዘበት። እጄ ላይ የወደቀ አለንጋ መሰለኝ። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ ቀጠለ። "ሌላ ጻፍ፣ ሁሉንም እንደሆነው። አባትህን የሚያውቅ፣ በስሙ ርስት ያለው ሰው እዚህ ድረስ ቀርቦ ዋስ ይሁንህ። የልጅቱ አባት ወገን ደግሞ መፍቀዱን ጅቡቲ ባለው ቆንስላችን ፊት ያረጋግጥ። ይህ ካልሆነ ሴቲቱ ብቻዋን ትግባ።"

"ብቻዋን አትገባም" አልሁ።

"እንግዲህ ታውቃላችሁ" ብሎ ሌላ ስም ጠራ።

አዳማ ተመልሼ ሦስት ቀን ዋስ ፈለግሁ። የማውቃቸው ሁሉ እንደኔው በኪራይ ቤት የሚኖሩ ነጋዴዎች ናቸው። ባለርስት የሆኑት ደግሞ አባቴን አያውቁትም። በሦስተኛው ቀን እናቴ ከመደቧ ላይ ሆና "አንድ ሰው አለ" አለችኝ። "ግን አንተ ፊቱ ልትቆም አትችልም።"

ማን እንደሆነ ሳትነግረኝ አወቅሁ። ቡልቡላ ያሉት ሽማግሌ ናቸው። ከአባቴ ጋር ከወሎ አብረው የወጡ፣ ከብት ነግደው መሬት የገዙ ሰው። አባቴ ልጃቸውን ለእኔ አጭቶ ነበር። ቃል ተሰጥቶ፣ ቀን ተቆርጦ፣ እኔ ጅቡቲ እንደወረድሁ ቀረሁ። ሌላ ማግባቴን የሰሙት ከመንገደኛ ነው።

"እሳቸው ዘንድስ አልሄድም" አልኋት።

"ተወዋ" አለች እናቴ። "ልጅቷ ትሂድ፤ ሚስትህም ትቅር።"

በቅሎ ተውሼ በማግስቱ ተነሣሁ። ረመዳን የገባው እኔ መንገድ ላይ ሳለሁ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ፣ በቆቃ ሜዳ፣ በመቂ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ስሄድ የምናገረውን ሳሰናዳ ሳፈርስ ነበር። ቡልቡላ ስደርስ ግን አንዱም አፌ ላይ አልቀረም።

ሽማግሌው ከበረታቸው ደጃፍ ግራር ሥር ተቀምጠው የከብት ገመድ ይገምዳሉ። ሰላምታዬን መለሱ፤ ተቀመጥ አላሉኝም። ዐሥር ሰዓት ገደማ ነበር።

"የማን ልጅ ልበል?" አሉኝ። ደህና አድርገው ያውቁኛል።

የአባቴን ስም ተናገርሁ።

"እሱን ቀብሬዋለሁ። ቀብሩ ላይ ወንድ ልጅ አላየሁም።"

"ዘግይቼ ደረስሁ፣ አባባ።"

"አንተ መዘግየት ልማድህ ነው።" ገመዱን መግመድ ቀጠሉ።

ቆሜ ሁሉንም ነገርኋቸው። ማመልከቻ ላይ መዋሸቴን፣ መሰረዙን፣ ዒዱን። እሳቸው አንዴም ቀና አላሉም። ስጨርስ "የራስህ ደም አይደለችማ" አሉ።

"አይደለችም።"

"እኔ ዋስ ስሆን በርስቴ ነው የምገባው። ቃሉን ለበላ ሰው፣ ደሙ ላልሆነች ልጅ፣ በርስቴ ልግባ?"

ፀሐይ እስክትጠልቅ እንደቆምሁ ቀረሁ። ጎረቤቶቻቸው ኦሮሞዎች ከብት እየነዱ ሲያልፉ "ነጋያ?" ብለው ሰላም ይሏቸዋል፤ እኔንም አይተው ይሄዳሉ። ሽማግሌው አንዴም ስለ እኔ አልነገሯቸውም።

አዛን እንደተባለ ከቤት አንዲት ሴት በአንድ ክንዷ ሕፃን ታቅፋ፣ በሌላው ውኃና ቴምር ይዛ ወጣች። ታጭታልኝ የነበረችው ልጃቸው ናት። ለመጀመሪያ ልጇ አባቷ ቤት ልትታረስ መጥታ ነው። ለአባቷ ሰጠች፤ ቀጥላ ለእኔ ዘረጋችልኝ። ተቀበልኋት።

"አባዬ" አለች። "ቤት ውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ። የልጅቷ ነገር ነው፤ የእሱ አይደለም።"

"አንቺ ግቢ።"

"አልገባም። እሱ የቀረ ጊዜ ሦስት ቀን አልቅሻለሁ። ከዚያ ተወኝ። አሁን ባል አለኝ፣ ይኸው ልጅም ሰጠኝ። ስለ እኔ ብለህ ከሆነ የምትከለክለው፣ ስለ እኔ አትከልክል። ይቺን አንድ ሰው መጥቶ ከእቅፌ ቢወስዳት እኔ ምን እሆናለሁ?"

ሽማግሌው ቴምሩን በልተው፣ ውኃ ጠጥተው፣ ለሰላት ተነሡ። እኔም ከኋላቸው ቆሜ ሰገድሁ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ሳይዞሩ "በቅሎህን አብላት፤ ንጋት ላይ እንነሣለን" አሉ።

በማግስቱ ኮርቻ ላይ ሆነው አንድ ነገር ብቻ አሉኝ። "ዋስ የምሆነው ለአባትህ ነው። ላንተ አይደለም።" ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አላናገሩኝም። በሦስተኛው ቀን አዋሽን ስንሻገር ድንገት "ልጅቷ ፈሪ ናት?" ብለው ጠየቁኝ።

"አይደለችም።"

"የባሕር ልጅ ከብት ትፈራለች። ልመጂ በላት።"

አዲስ አበባ ሄደን ስድስት ቀን አብረን በር ላይ ቆምን። ሽማግሌው ጾማቸውን ሳይፈቱ፣ በዱላቸው ተደግፈው፣ አንድም ቀን እንሂድ አላሉም። ስሜ ሲጠራ ያው ቀጭን ድምፅ ያለው ጸሐፊ ነበር። አዲሱን ማመልከቻ አነበበ፤ "የባለቤቴ ልጅ፣ አባቷ የሞተ" የሚለው ላይ በጥፍሩ ምልክት አደረገ። ከዚያ ሽማግሌውን ጠየቀ።

"ይህ ሰው ዋሽቶ እንደነበር ያውቃሉ?"

"ነግሮኛል።"

"እንዲያም ሆኖ ዋስ ይሆኑታል?"

"ከመዋሸቱ በፊት የነበረውንም አውቃለሁ" አሉ ሽማግሌው። "ያመጣት ልጅ ብትጠፋ፣ ብትሸጥ፣ ብትጎዳ እኔን ያዙኝ።"

ጸሐፊው አውራ ጣታቸውን ቀለም ቀብቶ አስነካቸው። ወረቀቱ ከሳምንት በኋላ ወጣ፤ የሚስቴ ስም፣ ከሥሩ የልጅቱ ስም፣ ከጎኑ "የአባት ወገን ፈቃድ በቆንስሉ ሲረጋገጥ" የሚል ጽሑፍ፣ ከታች ማኅተም። ሸሚዜ ውስጥ ኪስ ሰፍቼ ነበር፤ እዚያ ከተትሁት። ዒድ ሊሆን ዐሥር ቀን እንኳ አልቀረም።

ጅቡቲ የደረስሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ባለቤቴ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ፊቴን አልነበረም፤ እጄን ነበር። "ለስንት ሰው?" አለች።

"ለሁለት።"

ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ክስት ብላ ነበር። ልጅቱ አጎቷ ያመጣላትን አዲስ ቀሚስ ለብሳ ከኋላዋ ቆማለች፤ ስፌቱ የሞኻ ነው፣ ደረቱ ላይ ጥልፍ አለው። "ዐሚ" አለችኝ። ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው በሹክሹክታ የሚናገር ይመስል ነበር።

"ጠዋት ባቡር አለ" አለች ባለቤቴ። "እሱ ሳያውቅ እንሂድ።"

"የአጎቷ ፈቃድ ሳይኖር ጠረፍ ላይ ይይዙናል። ወረቀቱ እንደዚያ ነው የሚለው።"

"እሱ አይፈቅድም!"

"እጠይቀዋለሁ።"

"ትጠይቀዋለህ?" በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። "ጠይቀኸው እምቢ ካለስ? ያኔ ምን ታደርጋለህ?"

አላውቅም ነበር። ግን አንዴ አቋራጭ ሞክሬ ምን እንዳመጣብኝ አይቻለሁ። ሽማግሌው በጣታቸው ዋስ የሆኑበት ወረቀት ደግሞ ደረቴ ላይ ነው።

አጎትየው ሳምቡክ የሚሉት የሸራ ጀልባ አዛዥ ነው። ፀሐይ ያከሰለው፣ አንድ እግሩን የሚያነክስ፣ ድምፁ ከነፋስ ጋር መነጋገር የለመደ ሰው። ብጠይቀው ቃዲ ይፍረደን አለኝ፤ ቃዲው ፊት የቀረብነው ዒድ ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ባለቤቴና ልጅቱ ከመጋረጃው ወዲያ፣ እኛ ከወዲህ ተቀመጥን።

"እናቴ ሞኻ ተቀምጣለች" አለ አጎትየው። "ልጇን ባሕር ወሰደባት። ከሱ የቀረ አንድ ነገር ይህቺ ልጅ ናት፤ አይታት አታውቅም። አሁን ደግሞ ይህ ሰው በባቡር ጭኖ በረሃ አሻግሮ ሊወስዳት ነው። እናቴ ሳታያት ልትሞት ነው?"

ቃዲው ጢሙን ዳሰሰ። "ሕጉ ወደ አንተ ያደላል" አለው። ከመጋረጃው ወዲያ የባለቤቴ ትንፋሽ ሲቆረጥ ሰማሁ። "ነገር ግን ፍርድ ሳልሰጥ ወጥታችሁ ተነጋገሩ። የታረቀ ከተፈረደበት ይሻላል።"

በረንዳው ላይ ወጥተን ቆምን። አጎትየው ወደ ወደቡ እያየ ነበር።

"ልትወስዳት አትችልም" አልሁት። "እናቷ ትሞታለች።"

"የእኔም እናት ትሞታለች።"

"እናትህ ሊያዩዋት ነው የሚፈልጉት ወይስ ሊያሳድጓት?"

ዞር ብሎ አየኝ። ይህን ማንም የጠየቀው አልመሰለኝም። "ልታያት" አለ። "ከጎኗ ተቀምጣ ልታያት። ለአንድ ቀን አይደለም።"

"ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት አንድ ዓመት ሙሉ ትሂድላቸው። አንተ ራስህ መጥተህ ውሰዳት፣ አንተ ራስህ መልሳት። እዚህ ቃዲው ፊት እፈርማለሁ።"

ከመጋረጃው ወዲያ ያለችውን አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት እምቢ እንደምትል አውቅ ነበር፤ እምቢ ካለች ደግሞ ሁሉንም እንደምናጣ። አጎትየው እጁን ዘረጋልኝ፤ መዳፉ እንደ ገመድ ሻካራ ነበር።

ቃዲው ስምምነቱን ጮክ ብሎ አነበበ። ከዚያ ወደ ቆንስላው ሄደን አጎትየው ፈቃዱን ሰጠ፤ ወረቀቴ ላይ ሁለተኛ ማኅተም ተመታ። ቤት ስንደርስ ባለቤቴ በሩን ዘግታ ዞረች።

"ልጄን እንደ ጨርቅ ለክተህ ቆረጥኻት" አለችኝ። "ግማሹን ለእሱ፣ ግማሹን ለእኔ።"

"ባላደርገው ሁለንተናዋን ይወስዳት ነበር።"

"እሱን አውቃለሁ። ግን አልጠየቅኸኝም።"

ያለችው እውነት ነበር።

ዒድን ከአጎትየው ጋር ሆነን አሳለፍን፤ በማግስቱ እሱ ያለ ልጅቱ ሸራውን ዘረጋ። እኛም በባቡሩ ተሳፈርን። ደወሌ ላይ፣ ከፈረንሳይ ግዛት ወጥተን ወደ አገራችን ስንገባ፣ ሁሉም መንገደኛ እንዲወርድ ተደረገ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። መርማሪው ወረቀቴን አገላብጦ አየና ልጅቱን ብቻዋን ጠራት። ባለቤቴ አብራት ልትሄድ ስትል አንድ ዘበኛ በእጁ አገዳት። ከሃያ እርምጃ ርቀት የምናየው የልጅቱን ጀርባና የመርማሪውን አፍ ብቻ ነው። በዐረብኛ የሚያስተረጉም ሰው ከጎኑ ቆሟል።

"ምን ትለዋለች?" አለች ባለቤቴ። ጥፍሯ ክንዴ ውስጥ ገባ። "ምን በይ ብለሃታል?"

"ምንም አላልኋትም።"

ረዘመ። መርማሪው ጠየቀ፣ ልጅቱ መለሰች፣ ደግሞ ጠየቀ። አንድ ጊዜ ወደ እኔ ጠቆመ። ልጅቱ ዞራ አየችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች፤ መርማሪው ወረቀቱን ተመለከተ፤ ወረቀቱን እያወዛወዘም ኑ አለን።

እዚያ ስንደርስ መርማሪው "ይህ ሰው ምንሽ ነው ብላት፣ የእናቴ ባል ነው፣ አባቴ ባሕር ውስጥ ነው አለችኝ" አለ። "ወረቀቱም እንደሷ ነው የሚለው። እለፉ።" ማኅተሙን ሲመታ ሐዲዱ ዳር ተቀመጥሁ። ልጅቱ "ዐሚ፣ አመመህ?" እያለች ትከሻዬን ነቀነቀችኝ። የመጀመሪያው ማመልከቻዬ አልፎ ቢሆን ኖሮ፣ ያች አንዲት መልስ ምን ታደርገን እንደነበር ሳስብ ዛሬም ይቀዘቅዘኛል።

አዳማ ገባን። እናቴ ልጅቱን ፊቷን በእጇ ዳስሳ "ምን ዓይነት ቀጭን ልጅ አመጣህ" አለች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተለያዩም። ልጅቱ እውነትም ከብት ትፈራ ነበር። የገበያ ቀን ሰንጋ ሲያልፍ በመኪናዬ ሥር ትገባለች። ዓመት ሳይሞላት ግን ከሰፈሩ ልጆች ጋር በኦሮምኛ ትሰዳደብ ጀመር። ባለቤቴም አማርኛ ለመደች። ቤት ሠራን፣ ሌላም ልጅ ወለድን። ግን አንዳንድ ቀን፣ ልጅቱ ቁመት ስትጨምር፣ ለቀሚሷ ስለካት ባለቤቴ ሥራዋን ትታ መለኪያዬን ታያለች። ምን እያሰበች እንደሆነ አልጠይቃትም፤ አውቃለሁ።

ዐሥራ ሁለት ሞላት። አይመጣም ብለን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጎትየው ከባቡር ወረደ፤ እግሩ ብሶበት በዱላ ይሄዳል። ባለቤቴ አየችው፣ ሰላም አለችው፣ ምንጣፍ ዘረጋችለት። ሁለት ሳምንት ከእኛ ጋር ተቀመጠ። እግሩን ፍልውኃ እንዲነከር ሶደሬ ወስጄው ነበር። ውኃው ውስጥ ተቀምጦ "ባትልካት አልከስህም" አለኝ። "አርጅቻለሁ። ግን እናቴ ዛሬም በር በሩን ታያለች።"

ለባለቤቴ ነገርኋት። በዚህ ጊዜ ጠየቅኋት። "ምን እናድርግ?"

"እሷን ጠይቃት" አለች።

ልጅቱ ሁለታችንንም አየች። "አያቴ ታውቀኛለች?" አለች። "አታውቅሽም" አልኋት። "እንግዲያው ልሂድና ትወቀኝ" አለች፤ ከዚያ እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ ጮኻ አለቀሰች።

ከሄደች በኋላ ሰባት ወር ደብዳቤ አልመጣም። ባለቤቴ ከጅቡቲ ባቡር በሚመጣበት ቀን ሁሉ ጣቢያው ላይ ትቆማለች። እኔም አብሬያት እቆማለሁ። አንድ ጊዜ አጭር ወረቀት መጣ፤ ደህና ነኝ፣ አያቴ ታማለች፣ ጥያት መምጣት አልቻልሁም ይላል። ዓመቱ አለፈ። ከዚያም አንድ ወር፣ ሁለት ወር። ባለቤቴ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጣች፤ ቀን ሳህን ከእጇ ይወድቃል። እኔም ቃሌን እየረገምሁ እሰፋ ነበር። ተሳስቼ ሁለት እጅጌ በአንድ ጎን የሰፋሁበትም ቀን አለ።

በዐሥራ አራተኛው ወር አንዲት ረጅም ልጅ፣ ጥቁር የየመን ሻሽ ተከናንባ፣ ከሦስተኛው ፉርጎ ወረደች። እናቷ መጀመሪያ አልለየቻትም። ልጅቱ ናት ያወቀቻት።

"አያቴ ሞተች" አለች። "እኔ እጇን ይዤ ነው የሞተችው። ስሜን እየጠራች።"

ተቃቅፈው ቆሙ። ሰው በግራና በቀኝ እየተጋፋ አለፋቸው። አጎትየው በመስኮቱ በኩል የእንጨት ሳጥን አቀበለኝና እጁን አነሣልኝ፤ ለመውረድ እግሩ አልቻለለትም። ባለቤቴ ያን ዕለት አላመሰገነችኝም፣ ይቅር ብዬሃለሁም አላለችኝም። ዓይኗን ጠርጋ፣ ልጇን ክንዷ ሥር አስገብታ ጥቂት እርምጃ ከሄደች በኋላ ዞራ አየችኝ።

"ምን ቆመሃል?" አለችኝ። "ሳጥኑን ተሸከም እንጂ፤ ልጅቷ ርቧታል።"

ተሸክሜ ተከተልኋቸው።